የባለሀብት ግሪን ካርድ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጥያቄና መልስ

ስለ ኢቢ-5፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ አፍስሶ ግሪን ካርድ ስለማግኘት፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የራሴን ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሌሎችን የገንዘብ ምንጭ ሰነድ አብሬ ሳደራጅ ቆይቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። 800 ሺህ ዶላሩ ዝግጁ ነው። በአጭሩ ስንት ዓመት ይፈጃል?

መልስ፦ አንድ ቁጥር ቆርጦ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ፤ ወረፋው አንድ አይደለም። በሪጅናል ሴንተር፣ ማለትም የብዙ ባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ ፕሮጀክት ላይ በሚያውል ፈቃድ ባለው ድርጅት፣ በኩል ከገቡ መጀመሪያ አይ-526ኢ የሚባለው የባለሀብት ማመልከቻ በዩኤስሲአይኤስ፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ይታያል። ሲፀድቅ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ያልፍና ክፍያው፣ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ፎርም፣ የጤና ምርመራውና ቃለ መጠይቁ ይከተላሉ። አሜሪካ ሲገቡ የሚያገኙት ካርድ የሁለት ዓመት ነው፤ ቋሚ ለማድረግ አይ-829 ያስገባሉ፤ እሱም የራሱ ወረፋ አለው።

ማርች 2022 የወጣው ሕግ ለመጀመሪያው ማመልከቻ 240 ቀን፣ ገጠር ወይም ሥራ አጥነት በበዛበት አካባቢ ላለ ፕሮጀክት ደግሞ 120 ቀን ግብ አስቀምጧል። ግብ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ከዚያ ሕግ በፊት ከገቡት ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ የጠበቁ አሉ። በሌላ በኩል የገጠር ፕሮጀክት መርጠው ዓመት ሳይሞላቸው የፀደቀላቸውም አሉ፤ ሕጉ ለገጠር ፋይሎች ቅድሚያ ይሰጣልና። 800 ሺህ የሚበቃውም ለገጠር፣ ሥራ አጥነት ለበዛበት አካባቢ ወይም ለመንግሥት መሠረተ ልማት ነው፤ ለሌላው 1,050,000 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ አዲስ አበባ ከሸጥነው ቤት የመጣ ነው። ይህ ያዘገየዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ይህን በደንብ ያዢልኝ። ወረፋውን ማሳጠር አንችልም፤ ፋይላችን ተመላሽ እንዳይሆን ማድረግ ግን በእጃችን ነው። መርማሪው የሚከተለው የገንዘቡን ዱካ ነው፦ ቤቱ በምን ገንዘብ ተገዛ ወይም ተሠራ፣ ለማን ተሸጠ፣ ብሩ የትኛው ሒሳብ ገባ፣ እንዴት ዶላር ሆነ፣ ዶላሩ እንዴት አሜሪካ ደረሰ። የቤቱ ካርታ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተፈረመው የሽያጭ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ከነእንግሊዝኛ ትርጉማቸው። የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ብሩ ዶላር በሚሆንበት ቦታ ነው። ከአገር የሚወጣን የውጭ ምንዛሪ ብሔራዊ ባንክ ስለሚቆጣጠረው ብዙዎች ብሩን አገር ቤት ለሰው ሰጥተው ዶላሩን ውጭ አገር ይቀበላሉ። ያኔ ዱካው ይቆረጣል፤ ሕጋዊነቱም ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል። ገንዘቡን ከማንቀሳቀስሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አይደለም።

በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። ገንዘቤ በወንድሜ ሒሳብ ለሁለት ቀን ብቻ አልፏል። ከቁም ነገር ስላልቆጠርኩት የእሱን ስቴትመንት አላያያዝኩም። ወራት ከጠበቅሁ በኋላ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ፤ የጠየቀውም ያቺን ሁለት ቀን ነበር። የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው፤ አይራዘምም። ወንድሜ ቅርንጫፉ ድረስ እየተመላለሰ ማኅተም ያለበት ስቴትመንት እስኪያወጣ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ 20 ዓመት ከ7 ወር ሆኖታል። ፕሮሰሱ ሳያልቅ 21 ቢሞላውስ?

መልስ፦ ማመልከቻው በዩኤስሲአይኤስ እጅ የቆየበት ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የምርመራው መዘግየት ልጁን አይጎዳውም። የሚጎዳው ከፀደቀ በኋላ ያለ የቪዛ ቁጥር ወረፋ፣ ማለትም ለየአገሩ በዓመት ከተመደበው ቪዛ ተራ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተወለደ ሰው ደግሞ እንደ ቻይናና ህንድ ዓይነት ወረፋ በዚህ ዘርፍ አልነበረም። 21 ሳይሞላው ፋይሉን ያስገቡ፤ ልጁ ሳያገባ ይቆይ፤ ከፀደቀና ቪዛው ከተከፈተም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀጣዩን እርምጃ ይውሰዱ። አምስት ወር አለዎት፤ ሰነዱን ዛሬ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ህንድ የተወለደ ነው፣ እኔ ደሴ። ኢንቨስተሩ እሱ ነው። በህንድ ወረፋ ነው የምንቆመው?

መልስ፦ የሚታየው ፓስፖርት ሳይሆን የትውልድ አገር ነው፤ ከባልና ሚስት የአንዳቸው ትውልድ አገር ለሁለቱም ያገለግላል። በአንቺ በኩል በኢትዮጵያ ኮታ መቆም ትችላላችሁ። ጠበቃችሁ የልደት ሰርተፊኬትሽንና የጋብቻ ማስረጃችሁን እንዲያያይዝ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ተጨማሪ ከከፈልኩ ፋይሌን በ15 ቀን እንደሚያስወስንልኝ የነገረኝ ደላላ አለ።

መልስ፦ ለዚህ ማመልከቻ የፈጣን አገልግሎት ክፍያ የሚባል የለም። ገንዘብህን እንዳትሰጠው፣ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ እየሠራሁ ነው። ወጥቼ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትውጣ። የቪዛ ቁጥር ክፍት ከሆነ አይ-485ን፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ሆነህ ግሪን ካርድ የምትጠይቅበትን ፎርም፣ ከአይ-526ኢ ጋር አብረህ ታስገባለህ። የሥራ ፈቃድና የጉዞ ፈቃድ እዚያው ትጠይቃለህ። ሥራህ ቢቋረጥ እንኳ እዚሁ ሆነህ ውሳኔውን መጠበቅ ትችላለህ፤ ለዚህ ነው አገር ውስጥ ላለ ሰው የምርመራው ርዝመት ያን ያህል የማይከብደው።

ጥያቄ፦ እንደ ዲቪ ሴፕቴምበር 30 ሲደርስ ይቃጠላል?

መልስ፦ አይቃጠልም፤ ዓመት ቢያልፍም ፋይልዎ ይቀጥላል። ግን ሌላ ሴፕቴምበር 30 አለ። የሪጅናል ሴንተሩ ፕሮግራም የተፈቀደው እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2027 ነው፤ ፕሮግራሙ ቢቋረጥ እንኳ ፋይላቸው መታየቱን እንደሚቀጥል ሕጉ ዋስትና የሰጠው እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2026 ላስገቡ ነው። በ2021 ፕሮግራሙ ለወራት ሲቋረጥ ፋይላቸው ቆሞ የተጨነቁ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ቀኑን የምደጋግመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፋይሌ ከ2019 ጀምሮ አልተነካም። መክሰስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ፌዴራል ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱን እንዲወስን ሊያስገድደው ይችላል፤ እንዲያፀድቅ ግን አያስገድደውም። ከመክሰስዎ በፊት ፋይልዎ ላይ ክፍተት እንደሌለ በሌላ ጠበቃ ያስፈትሹ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመቱ ካርዴ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀረው።

መልስ፦ አይ-829 የሚገባው ከማለቂያው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው። ገንዘብዎ ሊፈጥር የሚገባውን የአሥር ሰው ሥራ የሚያሳይ ማስረጃ ከፕሮጀክቱ ሰዎች ዛሬውኑ ይጠይቁ። ሲያስገቡ የሚመጣልዎት ሪሲት ካርድዎን ለ48 ወር ያራዝመዋል። አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ጊዜው ያለፈውን ካርድና ዋናውን ሪሲት አንድ ላይ ይያዙ፤ የሪሲቱ ኮፒ ብቻ ይዘው ቦሌ ላይ እንዳይቸገሩ።