ብስክሌት በአዲስ አበባ መንገድ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ከሳሪስ ፒያሳ በብስክሌት ስመላለስ 14 ዓመት ሆነኝ። ብዙ ጊዜ ወድቄአለሁ፤ የተገጨሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪና እንዳይነካኝ የመንገዱን ጠርዝ ይዤ ነው የምሄደው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም፤ እኔም የተገጨሁት እንደዚያ ስነዳ ነው። ጠርዙ ላይ አሸዋ አለ፣ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ አለ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ የሚወርድ እግረኛ አለ። እነዚህን ለመሸሽ ድንገት ወደ ግራ ስትል ከኋላህ ያለው ሾፌር አይጠብቅህም። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ራቅና ቀጥ ብለህ ንዳ፤ ከቆመ መኪናም እንዲሁ፣ በሩ ሊከፈትብህ ይችላል። መንገዱ ጠቦ መኪና በሰላም ሊያልፍህ ካልቻለ ወደ ኋላ ተመልከት፣ እጅህን ዘርጋ፣ ከዚያ የመስመርህን መሃል ያዝ። ጥሩምባ ይነፋብሃል። ይንፋ! የነፋብህ ሾፌር አይቶሃል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚመጣው ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ታክሲዎች ድንገት እየቆሙ አስቸገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ «ወራጅ አለ» ሲባል አንቺ አትሰሚም፤ መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው ግን ይታይሻል። እሱን ካየሽ ታክሲው ወደ ቀኝ እንደሚገባ ቁጠሪ። በቀኙ በኩል ፈጽሞ አትለፊ፤ በሩ የሚከፈተው፣ ሰውም የሚወርደው በዚያ ነው። ቦታ ከሌለ ከኋላው ቆመሽ ጠብቂ።

ጥያቄ፦ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታየኝ በተቃራኒ አቅጣጫ ብነዳስ?

መልስ፦ በጭራሽ! መኪናው በሰዓት 40፣ አንተ 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ የምትቀራረቡት በ55 ነው። ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌርም የሚያየው ወደ ግራው ነው፤ አንተ ግን በቀኙ ትመጣበታለህ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይስ?

መልስ፦ ኩሬ ውስጥ አትግባ፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አታውቅም። የረጠበ ፍሬን ቶሎ አይዝም፣ አስቀድመህ በቀስታ ያዝ ለቀቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ በነጠላ መንዳት ይቻላል?

መልስ፦ ካቴናው ይበላዋል። አጣፍተሽ እሰሪው።

ጥያቄ፦ የቸርችልን ዳገት እንዴት ትወጣዋለህ?

መልስ፦ ከፖስታ ቤት በላይ ወርጄ እገፋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው፤ ሁለቱንም ፍሬን ይዤ፣ ወደ ኋላ ተቀምጬ ነው የምወርደው።