የጨዋታ አዘል ትምህርት ኢንተርንሽፕ፦ ከመሄድ በፊት ምን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከውጭ አገር ሁለት የኢንተርንሽፕ ዕድሎች አግኝቻለሁ። አንደኛው ልጆች ሒሳብን በጨዋታ እንዲማሩ የሚያደርግ መተግበሪያ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ሲሆን መጠነኛ ክፍያ አለው፤ ሁለተኛው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቴክኖሎጂ የምርምር ክፍል የሚሰጥና ክፍያ የሌለው ነው። በዚሁ ሙያ መቀጠል ስለምፈልግ የትኛውን ብመርጥ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከክፍያው በፊት ለሁለቱም ቦታዎች ሊያቀርቡት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጁ ከጨዋታው በኋላ ምን እንዳወቀ የሚለኩት በምን መንገድ ነው የሚል ነው። የሚያገኙት መልስ በቀን ስንት ሰው መተግበሪያውን እንደከፈተና ስንት ደቂቃ እንደቆየበት ከመግለጽ ካላለፈ፣ እዚያ የሚቀስሙት ተጠቃሚን ይዞ የማቆየት እንጂ የማስተማር ሙያ አይደለም። እሱም ቢሆን እንጀራ የሚያበላ ሙያ ነው፤ እርስዎ የጠየቁን ግን ስለ ሌላው ነው።

ተጠቃሚን በማቆየትና በማስተማር መካከል ያለው ልዩነት በምርምር የታየ ነው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ለሥዕላቸው የምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድሞ ሲነገራቸው፣ በኋላ ሽልማቱ በሌለበት ወቅት ለመሳል የነበራቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል። ሽልማቱን ሳይጠብቁ በድንገት ያገኙት ልጆች ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። እንግዲህ ነጥብ፣ ባጅ (የሽልማት ምልክት) እና የደረጃ ሰንጠረዥ መደርደር ብቻውን ትምህርትን ያስወድዳል ብሎ የሚጀምር ቡድን መሠረቱ የላላ ነው ማለት ነው። ለሒሳብ መተግበሪያው ይበልጥ የሚቀርበው ሐብጉድና ኤይንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሥራ ነው፤ ማካፈልን የጨዋታው እንቅስቃሴ አካል ያደረገውን ቅጂ የተጫወቱ ልጆች፣ ያንኑ ስሌት በደረጃዎች መካከል እንደ ፈተና ከሚያቀርበው ቅጂ ተጠቃሚዎች የተሻለ ተምረዋል። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ወቅት ልጁ ሒሳቡን ሳይሠራ ጨዋታውን ማሸነፍ ይችል እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ከሚሰጥዎ መልስ ብዙ ይረዳሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ በጽሑፍ የሰፈረ የሥራ ዕቅድ ነው። ኤራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ፕሮግራም የሚሄድ ተለማማጅ፣ ቆይታው ከ2 እስከ 12 ወር ሊሆን ሲችል፣ እሱ፣ ላኪው ተቋምና ተቀባዩ ድርጅት የሚፈርሙት የትምህርት ስምምነት ይኖረዋል፤ ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኢንተርንም ዲኤስ-7002 የተባለ የሥልጠና ዕቅድ ቅጽ ይሞላለታል። ሰነዱ የቅርብ ተቆጣጣሪዎ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠሩ በግልጽ ካላሳየ፣ ወራቱ ሥዕል በመቁረጥና ጥያቄዎችን ወደ ዳታቤዝ በማስገባት ሊያልቁ ይችላሉ። ኢንተርንሽፑ ክፍያ ባይኖረውም በብዙ አገሮች እንደ ሥራ ስለሚቆጠር፣ በቱሪስት ቪዛ ግቡና እናስተካክላለን የሚል ተቀባይ ካጋጠመዎ አይቀበሉት።

ከመፈረምዎ በፊት የሠሩትን ለሌሎች ማሳየት ይፈቀድልዎ እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ኩባንያዎች በምስጢር ጥበቃ ውል ይህን ሊከለክሉ ይችላሉ። በተጨማሪም ከልጆች መረጃ ጋር የሚሠሩ ከሆነ ደንቡን አስቀድመው ያጥኑ፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ የግል መረጃ በኢንተርኔት ለመሰብሰብ በአብዛኛው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ የኑሮ ወጪዎን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ወይም ሌላ ድጋፍ ካለዎት የምርምር ክፍሉን እንመርጥልዎታለን፤ ከልጆች ጋር የሚደረግ ሙከራ እንዴት እንደሚነደፍና ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ ከሥሩ የሚማሩት እዚያ ነውና። ድጋፉ ከሌለ ግን በዕዳ ከመሄድ ይልቅ ኩባንያውን ይያዙ፤ ሆኖም በሥራ ዕቅዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የጨዋታውን ክፍል በጥቂት ተማሪዎች ላይ ከጨዋታ በፊትና በኋላ የመፈተሽ ሥራ እንዲካተትልዎ ይጠይቁ።