ጥያቄና መልስ፦ ክፉኛ የተቃጠለ ሕመምተኛ ምን ይመገብ?

ጎጃም ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። ሕመምተኛ የምታስታምሙ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ወንድሜ ግማሽ ሰውነቱ ተቃጥሏል። አፉ ደህና ነው፣ ያወራናል። ታዲያ በአፍንጫው ቱቦ ለምን አስገቡለት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልህ። በአፉ የሚበላው ስለማይበቃው ነው። ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ተኝቶ እንኳ የሚያወጣው ጉልበት ከጤነኛ ሰው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፕሮቲን ብቻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.5 እስከ 2 ግራም ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ከሆነ ከ90 እስከ 120 ግራም ነው። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ያህል ነው፤ እስቲ ቁጠረው፣ ከ15 እስከ 20 እንቁላል! ያውም ምግብ አስጠልቶት። ቱቦው ግን ቀን ከሌት ቀስ እያለ ያደርስለታል። ቢቻል በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ "ይረፍና ነገ" አይባልም።

ጥያቄ፦ ያው እኔው ነኝ። ከቤት አጥሚት አምጥተን በቱቦው ብንጨምርለትስ?

መልስ፦ ኧረ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት! አጥሚት ሲበርድ ይጓጉልና ቱቦውን ይደፍነዋል። አንድ ሌሊት የተደፈነ ቱቦ በለብ ያለ ውሃ ስንታገል አምሽተን፣ አልሆን ሲል ነቅለን ሌላ አስገባን፤ ልጁ እንባው እየወረደ። ቱቦው ከቦታው ከተንሸራተተ ደግሞ ምግቡ ሳንባ ይገባል። ሐኪሙ ከፈቀደ በአፉ ስጡት፣ በወተት የተሠራውን።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ቅቤ አቅልጠን ብናጠጣውስ?

መልስ፦ ቅቤው ይቆይ። ቅቤ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፣ ቁስል ደግሞ ያለ ፕሮቲን አይሞላም። እንቁላልና አይብ አምጡ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ እናቴ ሁዳዴን አልገድፍም ብላ አስቸገረችኝ።

መልስ፦ አንቺ አትከራከሪያት፣ የነፍስ አባቷን ጥሪላት። እኔ ፊት የመጡት ቄሶች ሁሉ ለታመመ ሰው "ብይ" ነው ያሉት። እስኪመጡ ሽሮና ምስር ትብላ፤ ብቻቸውን ግን አይበቋትም።

ጥያቄ፦ ቁስሉ በሚታጠብበት ቀን ምግብ የሚከለከለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በማደንዘዣ ስለሆነ ነው፣ ትውከት ሳንባ እንዳይገባ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ጠዋት ይገባል የተባለው ተራው ሳይደርስ ይመሽና ሕመምተኛው ባዶ ሆዱን ይውላል። በየሁለት ቀኑ እንዲህ ከሆነ አስቡት። "ስንት ሰዓት ይገባል? የቀረበት ምግብስ ማታ ይካካስለታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ ብትቆጣም ጠይቁ፤ እኔም እቆጣ ነበር።