ለመድረክ ጅራፍ ልትገዢ ከሆነ ሁለት ግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ለዛሬ አሳደርኩት። ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ በምታሳዩት ቴአትር ውስጥ ጅራፍ ሁለት ቦታ ይገባል ብለሻል። አንዱ የቡሄ ጨዋታ ነው። ሌላው የባላባቱ ሎሌ ጭሰኛውን የሚገርፍበት ትዕይንት። "የቆዳ ይሻላል የገመድ? ርዝመቱስ? ከየት ልግዛ? ብሩ ደግሞ ብዙ አይደለም" ነው ያልሽው። እኔ የባህል ቡድን ውስጥ ለዓመታት የመድረክ ዕቃ ይዣለሁ፤ ጅራፍም ገዝቻለሁ፣ አስገምጃለሁ፣ ጠግኛለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ጅራፍ ገዝቼ ለሁለቱም ትዕይንት አደርገዋለሁ ብለሽ ከሆነ ሐሳብሽን ቀይሪ። የሚጮኸው ጅራፍ ሰው አጠገብ አይደርስም። ሰው ላይ የሚያርፈው ደግሞ መጮህ የማይችል መሆን አለበት። ስለዚህ ለየትዕይንቱ አንድ አንድ የሚጮህ ትገዢያለሽ፤ ሰው ላይ ለሚያርፈው ደግሞ አንድ የማይጮህ ታሠሪያለሽ። ብሩ አይበቃም እንዳትይ። የማይጮኸው ከጨርቅ የሚሠራ ነው፤ ወጪው የልብስ ሰፊዋ ግማሽ ቀን ነው።

የሚጮኸውን ለመምረጥ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ጅራፍ የሚጮኸው አንድ ነገር ስለመታ አይደለም፤ አየር ላይ ነው የሚጮኸው። እጀታው ጋ ወፍራም ነው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ክንድ የሰጠው ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ ፍጥነቱ እየጨመረ ይመጣና ጫፉ ላይ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ያ "ጧ!" የምንለው ድምፅ፣ ጄት የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ የሚያሰማው ዓይነት ፍንዳታ ነው፣ ትንሹ። በ2002 እ.ኤ.አ. አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የሒሳብ ሰዎች፣ ጎሪዬሊ እና ማክሚለን፣ ነገሩን በስሌት መርምረውት ፍንዳታው የሚወለደው ጅራፉ ላይ ከሚሮጠው እጥፋት፣ ማለትም ሲሰነዘር ከሚፈጠረው ቀለበት መሰል መታጠፊያ፣ መሆኑን አሳይተዋል።

ይህን ያመጣሁት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ገበያ ላይ ስትቆሚ የምታይው እሱኑ ነው። እጥፋቱ ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳይደናቀፍ መሮጥ አለበት። መሐል ላይ ቋጠሮ ካለ፣ የላላ ቦታ ካለ፣ ድንገት የሚቀጥን ቦታ ካለ እዚያው ይሞታል። ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ገመድማ እጀታ ቢገጠምለትም ጅራፍ አይሆንም። ስንቱ ሱቅ ጅራፍ ብሎ የሚሸጥልሽ ግን እሱን ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ስትይዢ እጀታውን ጨብጠሽ ቀሪውን ወደ ታች ልቀቂው። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብለሽ አግድም አድርጊው። ገላው ከእጀታው ተነሥቶ በለስላሳ ቅስት መውረድ አለበት። እጀታው ያለቀበት ቦታ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ቀጥ ብሎ ከታጠፈ አትግዢው። እዚያ ጋ ጉልበቱ ይቆረጣል፤ ቶሎ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ቀጥሎ በሁለት መዳፍሽ መሐል እያንከባለልሽ እስከ ጫፉ ሂጂ። ክብ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ ወይም ባዶ የሚመስል ቦታ እንዳይኖረው። ጉንጉኑን በጥፍርሽ ለመክፈት ሞክሪ። ጥፍር የሚያስገባ ጉንጉን ልል ነው።

ጫፉን ለብቻው እይው። ደህና ጅራፍ ዋናው ጉንጉን ካለቀ በኋላ አንዲት ነጠላ ጠፍር ትታሰርበታለች። ከጠፍሯ ጫፍ ደግሞ አንዲት የተገመደች ቀጭን ክር አለች። የምትጮኸው እሷ ናት። ሁለቱም የሚያልቁ ነገሮች ናቸው፤ ክሯ ቶሎ፣ ጠፍሯ ዘግይታ። ስለዚህ ጠፍሯ ተፈታ የምትቀየር መሆኗን ሻጩን ጠይቂው። ከዋናው ጉንጉን ጋር አንድ ላይ ከተሠራች እሷ በተበጠሰች ቀን ጅራፉም አበቃለት። ክሯን ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። ጠንካራ የናይለን ክር ደራርበሽ ገምደሽ፣ አጥፈሽ መልሰሽ ገምደሽ ጫፉን ትቋጥሪዋለሽ። ከጫፉ ትንሽ ብትን ተደርጎ ቢተው ድምፁ ይደምቃል። ለአንድ ሲዝን አንድ እፍኝ ሠርተሽ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ርዝመት። ሁሉም ሰው ረጅም ነው የሚፈልገው። ረጅም ያምራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። ጉንጉኑ 1.80 ሜትር ነው እንበል። ጠፍሯ 60 ሳንቲሜትር፣ ክሯ 15፣ የተዘረጋ ክንድ 70 ገደማ። ድምሩ 3.25 ሜትር ነው፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ሳይጨመር። ይህ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ጅራፍ ግን ወደ ኋላም ይሄዳል። ስለዚህ ሰባት ሜትር ስፋት ያለው መድረክ መሐል ላይ የቆመ ሰው በ1.80 ጅራፍ መድረኩን ሞላው ማለት ነው። የ2.40 ጅራፍ እንደ ብሔራዊ ቴአትር ላለ ሰፊ መድረክ ነው። ለአንቺ አዳራሽ 1.80 ይበቃል፤ መድረኩ ከጠበበ 1.50ም አያሳፍርም። ሲሸጡልሽ ርዝመቱ ጠፍሯን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው የውጭ ዕቃ ጠፍሯንና ክሯን ሳይቆጥር ነው የሚለካው።

የጣሪያው ነገር ደግሞ አለ። እኛ ቡሄ ላይ ጅራፍ የምናጮኸው ከራስ በላይ አዙረን አዙረን በድንገት ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ሜዳ ላይ የተወለደ አጯጯህ ነው። ዝቅ ያለ ጣሪያና የተንጠለጠለ መብራት ባለበት አዳራሽ አይሆንም። መብራት ሰባሪ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከጎን ዝቅ አድርጎ ወደፊት በመላክ ማጮህን አለማምጂያቸው። ለዚህ ደግሞ አጭር እጀታ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያለው፣ ይሻላል። ለጌጥ የተሠራው ረጅም ዱላ ያለው ጅራፍ ጠባብ ቦታ ላይ እጅ ያስራል።

ከምን የተሠራ ይሁን? ፈረንጆቹ ከካንጋሮ ቆዳ የተጎነጎነውን ነው የሚያወድሱት። እውነታቸውን ነው፤ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብለሽ እሱን ለማስመጣት የምትከፍይው የውጭ ምንዛሬና ቀረጥ ለቴአትርሽ ሙሉ አልባሳት ይበቃል። እርሺው። የእኛ የበሬ ቆዳ ጥሩ ሠሪ ካገኘ ይሠራል። ችግሩ ክረምት ነው። ዕቃ ቤት ውስጥ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ከደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሞራ ወይም የቆዳ ቅባት በስሱ እየቀባሽ፣ በሰፊው ጠቅልለሽ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ አለብሽ። የወጥ ዘይት የሚቀቡ አይቻለሁ። ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆዳውንም ያላሽቀዋል።

የናይለን ገመድ ጉንጉን እኔ የምመርጥልሽ ነው። ውኃ አይፈራም፣ ቅባት አይጠይቅም፣ ዋጋውም ከደህና የቆዳ ጅራፍ ያንሳል። መሐሉ ላይ ክብደት የሚሰጥ ነገር መግባቱን ብቻ አረጋግጪ፤ ካልገባ ቀላል ይሆንና ክንድ ይጨርሳል። አንድ ጉድለት አለው፤ መብራት ላይ ፕላስቲክነቱ ያብለጨልጫል። ጥቁር ቡኒ ከመረጥሽ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ የሚለየው ሰው የለም። የሎሌውን ትዕይንት ድምፅ የሚያወጣው ጅራፍ ይህ ይሁን፤ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ መልኩም አያሳስብሽም።

ለቡሄው ትዕይንት ግን የቃጫ ጅራፍ ካልሆነ አልስማማም። ተመልካችሽ ቡሄን ያውቃል። ነሐሴ 13 ደርሶ ችቦና ሙልሙል ያየ ሰው የካውቦይ ጅራፍ ብታሳይው ከልጅነቱ ትዝታ ታስወጪዋለሽ። የቃጫው ድምፅም ሌላ ነው፤ ደረቅ ብሎ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ የጅራፉን ጩኸት ደብረ ታቦር ላይ ከደመናው ከተሰማው ድምፅ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ያ ትዕይንት ላይ ድምፁ የደስታ እንጂ የማስፈራሪያ መሆን የለበትም። አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ያጩኸው። ሌሎቹ ክሯ የተፈታችለትን ይያዙ። ክሯ ከሌለች ድምፁ ይደክማል፤ ቢሆንም ይወዝውዙት እንጂ በኃይል አይሰንዝሩት።

ሎሌው በእጁ የሚይዘው ደግሞ ረጅም ጅራፍ አይሁን። አለንጋ ይሁን፤ ለዘመኑም ለሰውየውም የሚስማማው እሱ ነው። ይህ ነው ከጨርቅ የሚሠራው። ውስጡ ስፖንጅ ወይም የጥጥ ገመድ፣ ላዩ ለስላሳ ቡኒ ጨርቅ። አንቺ ራስሽ ባዶ ክንድሽ ላይ በኃይል ምቺበት። ካመመሽ ተዋናዩ ጀርባ ላይ አይውጣ። ሎሌው ሲሰነዝር ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ሰው እውነተኛውን ያጮኻል፣ ጭሰኛው ይንፈራገጣል። ሦስቱ በአንድ ቅጽበት ከመጡ አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል። የተቀዳ ድምፅ ተጠቀሚ የሚሉሽ ይኖራሉ። በመርሕ ደረጃ አልጠላውም፤ ግን ልጁ ቁልፉን ግማሽ ሰከንድ ካዘገየ ተመልካቹ ይስቃል። ግርፋት ላይ ከተሳቀ ትዕይንቱ አለቀ።

ሳውንድ የሚሠራውን ልጅ አስቀድመሽ አነጋግሪው። ጅራፍ ክፍት ማይክ አጠገብ ሲጮህ ስፒከሩ ይጮሃል፣ ጆሮ ይበሳል። በዚያ ቅጽበት ማይኩን ይዝጋ። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ያለ ማይክም ከበቂ በላይ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የሚያጮኸው ሰው የጆሮ መከላከያ ያድርግ፤ በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚሰማው እሱ ነው።

ልምምድ ላይ ሁሉም መነጽር፣ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ። ይህን ሲያዩ ልጆቹ ይስቁብሻል፤ ይሳቁ። ጀማሪ የሚመታው ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ ፊቱንና ጆሮውን ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ጅራፍ አያጩህ፤ ይጠላለፋል። ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበር እስከ ጅራፉ ጫፍ ቢያንስ ሌላ የጅራፉን ያህል ርቀት ይኑር። የተበጠሰች ክር ወይም ጠፍር ወዴት እንደምትበር አይታወቅም። ቦታው ካልበቃ የፊቱን ረድፍ አትሽጪ።

ለመለማመጃ ሣር ያለበት ሜዳ ይሻላል፤ ሲሚንቶ ጠፍሯን ይበላታል። ጃን ሜዳ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሆናል። ግን ከቡሄ ሰሞን ውጭ መሐል ከተማ ላይ ጅራፍ ማጮህ ተኩስ ነው የሚመስለው። ለጥበቃዎቹ ቀድመሽ ንገሪ። የአዳራሹ ጎረቤቶችም ይወቁ። ፍተሻ ላይ ቦርሳ ውስጥ የተጠቀለለ ጅራፍ ሲገኝ የሚደረገውን ጭቅጭቅ አልነግርሽም፤ የቡድኑን ደብዳቤ ብቻ ያዢ።

የት ትገዣለሽ? ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች አትጀምሪ። እዚያ የምታገኚው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፤ ያምራል፣ አይጮህም። የቃጫውን ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ቡሄ ድረስ ይዘው ከሚዞሩት ልጆች ግዢ። ጥቅሙ ሻጩ ራሱ ማጮህ ማወቁ ነው። "እስቲ አጩኸው" በይው። እሱ ካላጮኸው ያንቺም ልጅ አያጮኸውም። ደህናውን ካገኘሽ መለዋወጫ ጨምሪ፤ ወሩ ካለፈ ፈልገሽ አታገኚውም። ለናይለኑ ገመዱን ከመርካቶ ገዝቶ መጎንጎን ለሚችል ሰው ማሠራት ይሻላል። ሚሊተሪ ተራ በኩል ጠንካራ ገመድ አይጠፋም። የቆዳ ሠራተኛ ካገኘሽ ደግሞ ዝም ብለሽ "ጅራፍ" አትበይው። ርዝመቱን፣ እጀታውን፣ የምትቀየረዋን ጠፍር በወረቀት ላይ ሥለሽ ስጪው። ሙሉውን ክፍያ ሳይሞከር አትስጪ።

ለናይለኑ ገመድ አብሬሽ ልሄድ እችላለሁ፤ በውስጥ ጻፊልኝ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሁን። ቅዳሜን ግን አደራ፤ ቅዳሜ መርካቶ ጅራፍ ዘርግቶ መሞከር ቀርቶ እጅ ማንሣትም አይቻልም።