ለምክር 10,000 ብር ይከፈላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላየ ሰው ባጭሩ ልድገመው። ወንድምሽ ከሳዑዲ ሲመለስ ያጠራቀማትን 1.5 ሚሊዮን ብር ይዞ ደሴ ገብቷል። አንድ ሰውዬ "እኔ በነፃ ነው የማማክራችሁ" እያለ አክሲዮን ግዙ ብሎ ይመላለሳል። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ደግሞ ቁጭ ብላ ዕቅድ ልትሠራላችሁ 10,000 ብር ጠየቀች። አንቺም "ለወሬ 10,000?" አልሽ። አብሽሪ። እኔ ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ ነው የምሸጠው፣ ለእንዲህ ዓይነት "ወሬ" ከፍዬ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። "አክሲዮኑን ብንገዛ አንተ ስንት ታገኛለህ?" ካልጠየቅሽው አይነግርሽም። አክሲዮን የሚያሻሽጥ ሰው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከሻጩ ነው። ሥራው ነው፣ ምንም ነውር የለውም። ግን ቤት የሚያሳይሽን ደላላ "ይሄ ቤት ይቅርብኝ?" ብለሽ አትጠይቂውም አይደል? ይሄም ያው ነው።

ጎረቤቴ በምሥረታ ላይ ከነበረ ባንክ አክሲዮን ገዝቶ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በ2013 አዲስ ባንክ ለመክፈት የሚጠየቀውን ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። በምሥረታ ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ጎረቤቴ ብሩን ለማስመለስ ስንት ደጅ ጠና። ያሻሻጠው ልጅ ግን ኮሚሽኑን ገና ዱሮ ተቀብሎ ሄዷል።

ሌላው አከፋፈል በመቶኛ ነው። "ከምታስቀምጡት ብር በዓመት 2 በመቶ" የሚል ቢመጣ የናንተ 30,000 ብር ይሆናል፣ ያውም በየዓመቱ። ከብሩ ብዛት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክፍያው በብርሽ መጠን ከሆነ "ዕዳሽን ክፈይ" ብሎ ሊመክርሽ አይቸኩልም፣ ዕዳ በከፈልሽ ቁጥር የሱ ድርሻ ይቀንሳላ። ቁርጥ ዋጋ ተቀብላ የምትሄደዋ ይሄ ችግር የለባትም።

አሁን እኔ ምን አገኘሁ? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለች ባለሙያ ጋ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ስለ አክሲዮን ልታወራኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና በየክምር ትለይ ጀመር። ለፋብሪካ ዕቃ ሳስረክብ ዊዝሆልዲንግ ይቆረጥብኛል፣ ያኔ 2 በመቶ ነበር። ይሄ ብር አስቀድሞ የተከፈለ ግብር ነው፣ የዓመቱ ሂሳብ ሲሠራ መቀነስ አለበት። ሂሳብ የሚሠራልኝ ሰው ግን ደረሰኞቹን ተቀብሎ ሳያቀናንሳቸው አስቀምጧቸዋል። ቀጥላ "አይሱዙው የት አለ?" አለችኝ። በር ላይ ቆሟል ስላት ሳቀች። ሂሳቡ ውስጥ የት አለ ማለቷ ነው። በ2009 በወጣው የገቢ ግብር ደንብ መኪና በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። 2 ሚሊዮን ብር የተገዛ አይሱዙ ከሆነ በዓመት 300,000 ብር ወጪ ማለት ነው። የመጨረሻው የግብር እርከን፣ 35 በመቶ ላይ ለደረሰ ነጋዴ ከግብሩ 105,000 ብር ይቀንስለታል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ሕጉ የሰጠው ነው።

በጣም የወደድኩት ግን የብድሩን ነገር ነው። ሁለት ብድር ነበረብኝ። የሱቁ 17 በመቶ፣ የመኖሪያ ቤት ማደሻው 15 በመቶ። ሰው ሁሉ ወለዱ የሚከብደውን ቀድሞ ይከፍላል። እሷ "የቤቱን ቅደም" አለችኝ። ምክንያቱም የሱቁ ብድር ወለድ እንደ ንግድ ወጪ ይያዛል። 35 በመቶ ግብር ለሚከፍል ሰው የ17ቱ ትክክለኛ ክብደት ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። የቤቱ 15 ግን 15 ነው፣ ማንም አይቀንስለትም። ይህንን በሂሳብ ማሽን አሳየችኝና ዝም አልኩ። በነፃ የሚመክር ሰው ይሄን የሚነግርሽ ለምን ብሎ ነው? የሚሸጠው ነገር የለበትም።

አክሲዮን ላይ ስንደርስ ደግሞ "የትኛውን ግዛ ለማለት ፈቃድ የለኝም" ብላ አቆመች። ልክ ናት። ከ2013ቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ ወዲህ በክፍያ የኢንቨስትመንት ምክር መስጠት ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱንም፣ ሰውየውንም ባለሙያዋንም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። እሷ የግብርና የሂሳብ ሥራውን ትሥራ፣ የአክሲዮን ምርጫው ፈቃድ ላለው ይተው።

ወደ ወንድምሽ ብር ልመለስ። እኔ ብሆን ገና ከመነሻው የምጠይቀው ብሩ የማን ነው የሚለውን ነው። "ግዙ እያለን" "ለኛ" እያልሽ ነው የጻፍሽው። የለፋው እሱ ነው። ቤት ቢገዛ በማን ስም? ቢከራይ የኪራይ ግብሩ በማን መለያ ቁጥር? ይሄን ሳትጨርሱ ማንም ጋ አትሂዱ፣ ኋላ የቤተሰብ ጠብ ነው ትርፉ።

ቀጥሎ ወለድ ይቀበላል ወይ? ወሎ ውስጥ ይሄን ሳይጠይቅ ሂሳብ የሚጀምር አማካሪ አላምንም። ወለድ አልነካም ካለ ዘምዘምና ሂጅራ የሚባሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፣ የሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። የሚቀበል ከሆነም በ2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲያደርገው ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ኑሮው ከ30 በመቶ በላይ የጨመረበትን ጊዜ አይተናል። ባንክ የተውሽው ብር ዝም ብሎ ይቀልጣል። ከወለዱም፣ ከአክሲዮን ትርፍ ድርሻም ግብር ተቆርጦ ነው የሚደርሰው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፣ ስለዚህ በዱሮው ምጣኔ የሚያሰላ ሰው ካጋጠመሽ ወረቀቱን መልሺለት። ደግሞ ሁሉንም አንድ ባንክ አታስቀምጡ፣ የተቀማጭ መድኑ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነው።

ወርቅ ይሻላል የሚሉም አሉ። ለሰርግ ይሁን፣ ግን ስትሸጪው የእጅ ሥራውን ዋጋ አይመልሱልሽም።

እንግዲህ 10,000 ይበዛል ወይ ላልሽው፣ ለ1.5 ሚሊዮን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ያላችሁ 50,000 ብር ቢሆን ኖሮ አትክፈሉ እል ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ምን ሠርታ እንደምታስረክብ፣ ከማንም ሻጭ ሳንቲም እንደማትቀበል በወረቀት ጻፉና ትፈርም። ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ስታስረክብ። ወንድምሽ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ካለው ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ ያንሳው፣ ቀለሙ ይጠፋል። በ2014ቱ ጦርነት ስንት ነጋዴ ወረቀቱ ጠፍቶበት እንደቀረ የምታውቂው ነው። ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ አትሂዱባት። ግብር የሚያሳውቅ ነጋዴ በሯ ላይ ተሰልፎ ነው የምታገኙት፣ ቁጭ ብላ ልታስብላችሁ አትችልም። ጥር ወይ የካቲት ላይ ዋጋም ትቀንስላችኋለች።