ቸርኬው ስለገጠመ ጎማው ገጠመ ማለት አይደለም

ክረምት ሲቃረብ የአንባቢዎቻችን ጥያቄ ከሞተር ወደ ጎማ ይወርዳል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙ አሽከርካሪዎችን ይመለከታሉ ያልናቸውን አምስት መርጠናል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቪትዝ ነች። ከፊት በግራ 165/70 አር 14፣ በቀኝ 175/70 አር 14 ታስሯል። ጎሚስታው «ቸርኬው 14 እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም» አለኝ። መሪውን ላላ ሳደርግ ግን ወደ ግራ ትስባለች። አላይመንት ሁለት ጊዜ አሠርቻለሁ። (ከገርጂ)

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ አያሠሩ። ጎሚስታው ከሦስቱ ቁጥሮች የመጨረሻውን ብቻ ነው ያነበበልዎት። 14 የቸርኬው ዲያሜትር (በመሃል አልፎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ርዝመት) በኢንች ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋት በሚሊሜትር ሲሆን 70 ደግሞ የጎማው ግድግዳ ከፍታ ከዚያ ስፋት ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ የግራው ግድግዳ 115.5፣ የቀኙ 122.5 ሚሊሜትር ነው። 7 ሚሊሜትር ኢምንት ይመስላል፤ ዙሪያውን ሲለኩት ግን ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር 44 ሚሊሜትር አስበልጦ ይሄዳል። በአንድ ኪሎሜትር ትንሹ 543 ጊዜ ገደማ ሲዞር ትልቁ 530 ይበቃዋል።

ይህን የ13 ዙር ልዩነት የሚችለው ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻል የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል ሲሆን የተሠራው ለኩርባ ነው፤ የእርስዎ ግን ቀጥ ባለ መንገድም ዕረፍት የለውም። ሐዋሳ ደርሰው እስኪቆሙ ድረስ ልዩነቱ 3,500 ዙር ገደማ ይደርሳል። መኪናዋ ወደ ትንሹ ጎማ ስለምታዘነብል ወደ ግራ መሳቧም ከዚሁ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ፍሬን ሲይዙ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች መሬቱን እኩል ስለማይነክሱ መሪው ከእጅዎ ሊሸሽ ይሞክራል።

አራት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት የብዙ ሰው ኪስ እንደማይፈቅድ እናውቃለን። እኛም አራት ይግዙ አንልም። የማይታለፈው መለኪያ አክሱ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ የሚታሰርበት ዘንግ ነው፦ በአንድ አክስ ላይ ያሉት ሁለቱ መጠናቸው፣ ስሪታቸው፣ የጥርሳቸው ቅርጽና ጥልቀታቸው አንድ ይሁን። ከፊትና ከኋላ ያሉት ጥንዶች በስሪት ቢለያዩ በሁለት ጎማ ለሚጎተት መኪና ይታለፋል። በቅድሚያ ስኮርታውን አውርደው ያንብቡ፤ ሁለተኛው 165 እዚያው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም አይዝለሉት። 81 ከሆነ ጎማው 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ በር ላይ ከተለጠፈው ያነሰ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ጥንዱን ለማሟላት ስዞር ጥርሱ ያልተነካ ጎማ በቅናሽ አገኘሁ። ጎኑ ላይ 1517 ይላል። ሻጩ «የ2017 ነው፣ ገና ትኩስ» ይለኛል። ልግዛው? (ከሳሪስ)

መልስ፦ አይግዙት። ቁጥሩ የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው። 15ኛ ሳምንት፣ 2017 ማለት በእኛ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው። ስንት ሰው በዚህ የስምንት ዓመት ልዩነት እንደተሸወደ እግዜር ይወቀው። ላስቲክ መንገድ ባይነካም ያረጃል፤ ከ6 ዓመት በኋላ በየዓመቱ መመርመር፣ 10 ሲሞላው ስኮርታም ቢሆን መጣል አለበት። የጎማ ቀለም ከተቀባ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በጥርሶቹ መካከል ወለሉ ድረስ ይመልከቱ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ቀለሙ የተቀባው እሱን ለመሸፈን ነው። አራቱ አኃዝ ከውጭ በኩል ከሌሉ ጎማውን ይገልብጡት፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው።

ጥያቄ፦ አቅሜ ሁለት አዲስ ጎማ ነው። ጎሚስታው ከፊት ይግባ ይላል፣ ወንድሜ ከኋላ። ማን ልክ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድምዎ። የጎሚስታው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባናል፦ መሪውም ሞተሩም ከፊት ነው፣ አዲሱ ከፊት ሲገባ መሪው ወዲያው ይለዝባል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን ቀለበት መንገድ ላይ ውኃ ያቆረ ቦታ ሲገቡ የፊቱ ቢንሳፈፍ መሪው ባዶ ሆኖ ይነግርዎታል፤ እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሱ መኪናዋ ትመለሳለች። የኋላው ቢንሳፈፍ ግን አስቀድሞ የሚነግርዎ የለም። ጭራዋ ትዞራለች፣ ነገሩ ሲገባዎት መኪናዋ ወደጎን ሆናለች። ያን ጊዜ መሪ አዙሮ የሚያድን ሹፌር ጥቂት ነው።

ወደ ፊት የሚዛወሩት አሮጌዎቹ ግን ሊሾ መሆን የለባቸውም። የክብሪት እንጨት ጥርሱ መካከል ሰክተው ጫፍ ላይ በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉና በማስመሪያ ይለኩ። ከ1.6 ሚሊሜትር ካነሰ ጎማው አልቋል፤ ለክረምት እኛ ከ3 በታች አንወድም። በኋላ የጥርሳቸው ጥልቀት ሲቀራረብ፣ ጥንዶቹ እኩል እንዲያልቁ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎሜትሩ የፊቱን ከኋላው ያቀያይሩ። በዚያው ጎሚስታው ቁልፉ ላይ ቆሞ ሲያጠብቅ ዝም ብለው አይመልከቱ። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጠበቁ፤ ግማሽ ሜትር በሚሆን ቁልፍ ጫፍ 20 ኪሎ ያህል ኃይል ይበቃቸዋል። ከልክ በላይና በአንድ ጎን የታሰረ ጎማ የፍሬን ዲስኩን ያጣምማል፤ ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ራቭ ፎር አለችኝ። አንዱ ፈንድቶ አንድ አዲስ አስገባሁ። የቀሩት ግማሽ ጥርስ አላቸው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለእርስዎ የአክሱ ሕግ አይበቃም፤ አራቱም መቀራረብ አለባቸው። አዲሱ 8 ሚሊሜትር፣ የቀሩት 4 ከሆኑ በየዙሩ 25 ሚሊሜትር ይለያያሉ። ይህን የፊቱንና የኋላውን አክስ መሃል ላይ የሚያገናኘው ማያያዣ በሙቀት ይከፍላል፣ ሲበላሽም ዋጋው ከአራት ጎማ ይበልጣል። አዲሱን ስኮርታ ያድርጉትና የቀድሞው ስኮርታ ከሦስቱ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ እሱን ያስገቡ። ካልሆነ ተመሳሳይ ስሪት ያለው፣ ጥልቀቱ ከቀሩት በ2 ሚሊሜትር የማይርቅ ያገለገለ ጎማ ይፈልጉ። ጠባብ ቦታ በዝግታ ስትታጠፍ እንደታሰረች ከተንገራገጨች ግን መካኒክ ይያት።

ጥያቄ፦ አዋሽ ሞቃት ስለሆነ ከመነሳቴ በፊት ከጎማው አየር ላስቀንስ? (ከአያት)

መልስ፦ አያስቀንሱ። ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ቢጨምር በ32 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ ሁለት ያህል ከፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ 1,400 ሜትር ገደማ ሲወርዱ ግን የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ ሁለት ያህል ይቀንሳል። አንዱ ሌላውን ያጣፋል። አየሩን ያጎደሉት ጎማ ግድግዳው ይበልጥ እየተጣጠፈ ይግላል፣ በረሃ ላይ የሚፈነዳውም በአብዛኛው እሱ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በር ላይ በተጻፈው ልክ ያስነፉ። ስኮርታውንም አብረው፤ ሲፈለግ ባዶ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው።