አልጋ ላይ 5፣ ሲራመዱ ግን ሌላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የፊዚዮቴራፒ ረዳትነት ተማሪ ነኝ። ቁጥሮቹን ሁሉ ሸምድጃለሁ፤ ዳሌ ወደፊት ሲታጠፍ 120 ዲግሪ፣ ጉልበት 135፣ የእግር ጫፍ ወደላይ 20። የጡንቻ ጥንካሬም ከ0 እስከ 5 መስጠት ተምሬያለሁ፤ 5 ሙሉ ጥንካሬ ነው። ባለፈው የአንዲት ታካሚ የቀኝ ዳሌ ጎን ጡንቻ ላይ 5 ጻፍኩ። ስትራመድ ግን በግልጽ ታነክሳለች። ተቆጣጣሪዬ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ፣ ምንም ሳይለኝ ሄደ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ የሳቀው እሱም አንድ ቀን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። እኔማ በደንብ ገብቼበታለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ሴትዮን በጎን አስተኝቼ የላይኛውን እግር አንሱ አልኳቸው። አነሱ። ወደታች ተጫንኩት፣ ንቅንቅ አላለም። በኩራት 5 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሲኒየሯ መጣች። አንድ እጇን ዳሌያቸው ላይ አድርጋ ወደኋላ እንዳይንከባለል ያዘችው፣ ጭናቸውን ትንሽ ወደኋላ ሳበችው፣ ወደ ጣሪያ ዞሮ የነበረውን የእግር ጣት ወደፊት መለሰችውና «አሁን ያንሱት» አለቻቸው። እግሩ አንድ ስንዝር ያህል ተነሳ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ገና ሳትነካው ዱብ አለ።

እኔ ለካ ግሉቲየስ ሚዲየስን፣ ያንን የዳሌ ጎን ጡንቻ፣ አልለካሁም ነበር። ዳሌ ወደኋላ ሲንከባለልና ጣት ወደ ጣሪያ ሲዞር ሥራውን የሚረከቡት ከፊት ያሉት ዳሌ አጣፊዎች ናቸው። ሰውነት አንዱ ጡንቻ ሲያቅተው ዝም ብሎ ያጭበረብራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወገብን ወደላይ ስቦ እግር የተነሳ ያስመስላል። ስለዚህ ከሚጫነው እጅሽ ይልቅ ዳሌውን የሚይዘው እጅሽ ይበልጣል። እና እንዳትረሺ፣ ያለምንም ጫና የመሬት ስበትን ብቻ አሸንፎ ሙሉውን መንገድ ያልጨረሰ ጡንቻ 3 እንኳ አይሞላም። የእኔ ታካሚ 5 የተባሉት በዚህ ጡንቻ ነበር!

ግን እሺ፣ አንቺ በትክክል ይዘሽ ለክተሽ ይሆናል እንበል። ያኔም ልታነክስ ትችላለች። አልጋ ላይ ጡንቻው የሚያነሳው እግር ብቻ ነው፣ ያውም አንዴ። በአንድ እግር ሲቆም ግን የሰውነት ክብደት ከዳሌው መገጣጠሚያ ወደ መሃል ራቅ ብሎ ስለሚያርፍ፣ ለመገጣጠሚያው ቀርቦ የተቀመጠው ጡንቻ ከሰውነት ክብደት የበለጠ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል፣ ያውም በየእርምጃው። ስለዚህ በቀኝ እግሯ ብቻ አቁሚያትና ከኋላ ሆነሽ እይ። የግራ ዳሌዋ ከወረደ ደካማው ቀኙ ነው። ትሬንደለንበርግ የሚባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይሄንኑ ነው፣ እስካሁን ከዚህ የረከሰ ምርመራ አላውቅም። አንዳንዷ ታካሚ ግን ዳሌዋ እንዳይወርድ ደረቷን ወደ ቀኝ ትጥላለች። ያም ያው ድክመት ነው፣ መልኩን ቀይሮ። ሕመም ወይም የእግር ርዝመት ልዩነትም ሊያስነክስ ስለሚችል መጠየቅና ማየት አይቅር።

አረማመድ ስታዪ ሁሉንም በአንዴ አትይ፣ ትጠፊያለሽ። ከኋላ ዳሌን ብቻ፣ ከጎን መጀመሪያ ጉልበትን፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትን። አንድ ዙር ማለት አንዱ ተረከዝ መሬት ከነካበት ጀምሮ ያው ተረከዝ እስኪመለስ ነው፤ 60 በመቶ ያህሉን እግሩ መሬት ላይ ነው፣ 40ውን አየር ላይ። ያን የሸመደድሽውን 135 ዲግሪ ሜዳ ላይ የሚራመድ ሰው አይጠቀምበትም፣ እግር አየር ላይ ሲያልፍ ጉልበት ወደ 60 ዲግሪ ቢታጠፍ ይበቃዋል። ጆሮሽንም ተጠቀሚ። ተረከዝ ካረፈ በኋላ ጫማው መሬቱን «ጠፍ» ካደረገ፣ ከቅልጥም ፊት ያለውን ቲቢያሊስ አንቴሪየር ጠርጥሪ። ሲራመድ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ጉልበቱን ወደኋላ የሚገፋውስ? እሱ ከጭኑ ፊት ያለው ኳድሪሴፕሱ ከድቶታል።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ ያየሽውን ጻፊ፦ «5፣ ስትራመድ ግን የግራ ዳሌ ይወርዳል»። ዕቅዱን የሚቀይረው ቴራፒስቱ ነው፣ ግን በቁጥሩ ብቻ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ የታካሚዬ ቁርጭምጭሚት ጉልበቱ ታጥፎ ሲለካ ወደላይ 15 ዲግሪ ይሄዳል። ጉልበቱ ሲዘረጋ 0 ላይ ይቆማል። ጎኒዮሜትሩ (የመገጣጠሚያ ዲግሪ መለኪያው) ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ? የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ፣ ሁለቱንም ጻፍ። ከባት ጡንቻዎች ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ይጀምራል፣ ሶሊየስ ግን ከጉልበት በታች። ጉልበት ሲታጠፍ የመጀመሪያው ይላላል። ስለዚህ ያጠረው ጋስትሮክኒሚየስ ነው። በሁለቱም አቋም እኩል ቢጣበቅ ኖሮ ሶሊየስን ወይም ራሱን መገጣጠሚያውን ነበር የምንጠረጥረው። ሰውዬው ሲራመድ ተረከዙ ቶሎ ይነሳል ወይም ጉልበቱ ወደኋላ ይለጠጣል፣ ልብ ብለህ እይ። ስትለካ ግን የውስጥ እግሩ መሃል ላይ እንዳይታጠፍብህ፤ ጫፉ ወደላይ የሄደ ይመስልና ቁርጭምጭሚቱ ንቅንቅ አላለም።

የባትን ጥንካሬ ደግሞ በእጅህ አትሞክር፣ በአንድ እግር አቁመው፣ ተረከዙን ያንሳ። ለ5 የተለመደው 25 ጊዜ ነው፣ በሙሉ ከፍታ፣ ሳያዘነብል። ከ10 በኋላ ጉልበቱን እያጠፈ ሊሸውድህ ይጀምራል፣ አትቁጠርለት።

ጥያቄ፦ አባቴ ከዘራውን በታመመው እግር በኩል ነው የሚይዘው፣ «ደግፎኝ ነው» ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ በደህናው በኩል ይያዙ። ከተቃራኒ ወገን ሲደገፉ የታመመው ዳሌ ጡንቻ የሚሸከመው ይቀንሳል። እጀታው እጃቸውን ወደታች ሲለቁ የእጅ አንጓቸው መስመር ላይ ይድረስ፣ ሲይዙት ክርናቸው ትንሽ ይታጠፍ። ሲራመዱ ከዘራውና የታመመው እግር አብረው ነው የሚቀድሙት። መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል፣ ምናልባት ይቆጡሃል፤ ግድግዳ አጠገብ ሁለት ሦስት ዙር አብረሃቸው ሂድ።